በትንፋሽ የሚባል አዎ

ጃፓንኛ ከባድ ስለሆነ አይደለም የሚያደክመኝ። ድሮም ደክሞኝ ስለምጀምረው ነው። እናቴን አገላብጬ፣ አጥቤ፣ አጉርሼ፣ ልብሷን አስጥቼ ስቀመጥ መብራት የለም። መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል። ወላሂ፣ ሁለቱ ተመካክረውብኛል።

እናቴን ስትሮክ ከመታት ወዲህ አትናገርም። የቀረቻት አንዲት ነገር ናት፦ ያቺ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንላት። ውሃ ልስጥሽ? ሳብ። አመመሽ? ሳብ። እኔም ውሃውን እሰጣለሁ፣ ጀርባዋንም አሻለሁ።

ቴሌግራም ላይ ጃፓንኛ የሚማሩ ያገራችን ልጆች ግሩፕ ያገኘሁት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አሚን የሚባል የሐዋሳ ልጅ የከፈተው ነው። እሱ ቪዲዮ ይለጥፋል፤ እኛ አንዳችን ጠያቂ፣ አንዳችን መላሽ ሆነን በድምፅ እንለማመዳለን። ብዙዎቹ የጃፓን ካርቱን ወደው የገቡ ነበሩና ፊደሉ ሲበዛባቸው ውልቅ አሉ። እኔን ያቆየኝ ጃፓን ያለው የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ነው። ለሥራውማ ማን እንደኔ! ስሠራው አይደል የኖርኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ፈተናዬ ደረሰ፤ ከመንከባከቢያው ቤት ኃላፊ ጋር በቪዲዮ መነጋገር ነው። ዘንድሮ ካላለፍኩ ለከርሞ ዕድሜዬ አይፈቅድም። እህቴ ሳፊያ ገጠር፣ ድሬ ጠያራ ነው ያገባችው፤ የልጆቿ ጫጫታ ለራሷም በቅቷታል። ግን «ሂጂ፣ እማን እኔ እወስዳለሁ» ብላኛለች።

ስልኩን ግድግዳው ላይ ለጌጥ ከተደረደሩት ሳህኖች መሃል አቆምኩት። ኃላፊዋ ትልቅ ሴት ናቸው፤ እሳቸውም የደከማቸው ይመስላሉ።

«የሌሊት ፈረቃ ትችያለሽ?» አሉኝ። ሳብ አደረግኩ። ቅንድባቸው ተነሳ።

«ሰው ደግፈሽ ታነሺያለሽ?» ሳብ።

«ልጄ፣ ደህና ነሽ? ደረትሽን ያምሻል?»

ወይ ጉዴ! ያን ሁሉ ጊዜ ስንለማመድ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንመልሰው፤ ማናችንም ልብ አላልንም። ማን ይንገረን? ጠያቂም እኛ፣ መላሽም እኛ። ፊቴ ጋለ። «ባገራችን ይኼ አዎ ማለት ነው» አልኩ በተሰባበረ ጃፓንኛዬ። አላመኑኝ እንደሆነ ብዬ ስልኩን አንስቼ ነደባው፣ መደቡ ላይ ወደተኛችው እናቴ አዞርኩት።

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

ሳበች።

ሴትዮዋ ሳቁ። እሳቸውም ሞከሩትና ትን አላቸው። ሳቃቸው ሲያበቃ እናቴን ትንሽ አዩዋት። «አንቺ ስትመጪ ይኼን ማን ይሰማላቸዋል?» አሉ።

«እህቴ አለች» አልኩ። ይኼን መልስ ደጋግሜ ተለማምጄው ስለነበር አልተሳሳትኩም።

ሐሙስ ማለፌን ነገሩኝ። ግሩፑ ማሻአላህ በማሻአላህ ሆነ። ሳፊያ ደውላ «ጁምዓ ከተማ ገብቼ ሸዋ በር ስደርስ እደውላለሁ፣ ልብሷን ሰብስቢ» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔን ግን ያማረኝ እንቅልፍ ብቻ ነው።

እናቴ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

«እማ፣ አለፍኩ እኮ! ልሂድ?»

ዓይኗን ፊቴ ላይ አድርጋ አየር ሳበች። አልሐምዱሊላህ! እጇን ይዤ ሳምኩት፣ እንባዬም መጣ። ዝም ብዬ መነሳት ነበረብኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ደግሜ ጠየቅኋት።

«ወይስ ልቅርልሽ?»

ያንኑ ትንፋሽ፣ ያንኑ ያህል ሳበች።