እታለም የጨረሰችብኝ ታሪክ

ታላቅ እህቴ አንድም ቀን ወሬ አስጨርሳኝ አታውቅም። እኔ እጀምራለሁ፣ እሷ ትጨርሳለች። ተራ ወሬ ቢሆን ግድ የለኝም፤ ጎረቤት ያለችውን፣ መንገድ ላይ ያየሁትን ትውሰደው። ግን የራሴን ታሪክ፣ ያውም ሊያገባኝ ከነበረው ሰው ጋር የተለያየሁበትን፣ በየሰው ቤት ከአፌ እየነጠቀች ስትጨርስብኝ ለዓመታት ኖራለች። እኔ «አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሳና...» ስል፣ እሷ ከወዲያ ማዶ «ከዚያማ ጥሏት ሄደ!» ትላለች። ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። አንዴ ከንፈር ከተመጠጠልሽ ደግሞ «ኧረ እንደዚያ አይደለም» ብትዪ ማን ይሰማሻል? ጭራሽ «አይዞሽ፣ የቀረበት እሱ ነው» ብለው ያጽናኑሻል።

የምንሠራው ሸሚዝ የሚሰፋበት ቤት ነው። እዚህ ቤት ሙሉ ሸሚዝ የሚሰፋ ሰው የለም። ቆራጩ ይቆርጣል፣ እህቴ ኮሌታውን ትሠራለች፣ አጠገቧ ያለችው ልጅ እጅጌ ትገጥማለች፣ እኔ የቁልፍ ቀዳዳ አወጣና ቁልፍ እተክላለሁ። በመጨረሻ አንድ ሰውዬ በካውያ ይተኩሰዋል። ልጅቷን እጅጌ፣ ሰውየውን ካውያ እንላቸዋለን። ካውያ የተባለው ለሥራው ብቻ አይደለም፣ ቶሎ ይግላል። እህቴን ግን ሁሉም እንደ እኔው እታለም ነው የሚላት። ኮሌታ ሊላት የደፈረ የለም።

የልብ ወለዱን ጣጣ ያመጣው ቆራጩ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኖቹ ቀጥ ይላሉ፣ እኛም ቁጭ ብለን ሰው እናማለን። አንድ ቀን መቀሱን አስቀመጠና «ይሄን ሁሉ አፍ ይዘን ለምን አብረን አንድ ልብ ወለድ አንጽፍም?» አለ። እሱ መጽሐፍ ከእጁ አይጠፋም።

«እንዴት ነው አብሮ የሚጻፈው?» አልኩት።

«ሸሚዙን እንዴት ነው አብረን የምንሰፋው?»

ያኔ ነበር በሳቅ ዝም ማሰኘት የነበረብን። እኛ ግን እውነት መሰለንና ተከፋፈልነው። መግቢያው የቆራጩ ሆነ፣ የሴቶቹ ንግግር የእታለም፣ ፍቅሩ የእጅጌ፣ ጠቡ የካውያ፣ መጨረሻው የእኔ። ሁሉም የየራሱን ጽፎ ያመጣና እንገጥመዋለን። ኮሌታ የምትሠራ ሴት እጅጌውን መች ታያለች?

ታሪኩ ስለ ምን ይሁን ሲባል ግን ቤቱ ተናጋ።

«አንድ ሀብታም አለ» አለች እጅጌ። «መንታ ወንድም አለው፣ ግን አያውቁም።»

«ማንና ማን ናቸው የማያውቁት?» አለ ካውያ።

«ሁለቱም።»

«እናትየውስ?»

«እሷም ረስታዋለች።»

«መንታ ወልዳ የምትረሳ ሴት! የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው የምገድላት።»

«አንተ ማንንም አትገድልም፣ ያንተ ድርሻ ጠቡ ነው» አለ ቆራጩ።

«ጠብ ውስጥ ሰው አይሞትም?»

«ሳታስፈቅድ አይሞትም!»

ቆራጩ ራሱ የሚፈልገው ጭጋግ ነው። ሰው ከሌለም ግድ የለውም፣ ብቻ መግቢያው ላይ ጭጋግ ይኑር። ራሴን አመመኝ። «ጭጋጉም መንታውም ይቅርብንና የምናውቀውን ነገር እንጻፍ!» ብዬ ጮህኩ። መዘዙን በራሴ ላይ የጠራሁት ያኔ ነው።

«እውነቷን ነው» አለች እታለም። «የራሷ ታሪክ አለ አይደል? ንገሪያቸው እስቲ።»

ሞኝ ነኝና ጀመርኩ። ሊያገባኝ የነበረው ሰው ሰዓት ጠጋኝ እንደነበር፣ ሌላ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ሊወስደኝ እንደመጣ፣ የስፌት ማሽኔ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እንደተጫነ ነገርኳቸው። «ሞተሩ ተነሣና...»

«ከዚያማ ጥሏት ሄደ!» አለች እታለም። «በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። ልሸኛት ስደርስ አውቶቡሱ እብስ ብሏል፣ እሷ ማሽኗን አቅፋ ታለቅሳለች።»

እጅጌ እንባዋ መጣ። «ውይ እትዬ!»

«እንደዚያ አይደለም...»

«ተዪ፣ አታፍሪ» አለችኝ እታለም።

ቆራጩ ጠረጴዛውን መታ። «ተገኘ! እሱ ጥሏት ይሄዳል፣ እሷ ዕድሜ ልኳን መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።»

«ማን? እኔ?»

«አንቺ አይደለሽም፣ ገጸ ባሕሪዋ ናት።»

«እኔ ማንንም ጠብቄ አላውቅም! አውቶቡስ እንኳ ሲዘገይ በእግሬ ነው የምሄደው!»

«መጨረሻው ያንቺ ነው። አደራ፣ በደንብ አስለቅሺያት።»

ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ፊቴ አስቀምጬ ተፋጠጥን። ወሬ እንኳ ሰው ይረሳዋል። ይሄ ግን የተጣለችዋን ሴት በገዛ እጄ ጽፌ ልፈርምላቸው ነው። ደግሞ እንዳልተወው፣ እኔ ከተውኩት እታለም እንደምትጨርሰው አውቃለሁ። ባዶውን ይዤው ሄድኩ።

መብራት ሲጠፋ ቆራጩ ሁሉንም ሰብስቦ አነበበው። የእሱ ድርሻ ጭጋግ ብቻ ነው። ሰዓት ጠጋኙ ብቅ የሚለው ጭጋጉ ሲገለጥ ነው፣ እሱም አይገለጥም። እጅጌ የጻፈችው ሰውዬ መንታ አግኝቷል። እታለም የጻፈቻቸው ሴቶች አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ትጨርሳለች፤ ሁሉም እሷን ነው የሚመስሉት። ካውያ ደግሞ ሰውየውን አውቶቡስ ሳይሳፈር በጠብ ገድሎታል።

«ከሞተ በኋላ እንዴት ነው ጥሏት የሚሄደው?» አለ ቆራጩ ወረቀቱን እየወረወረ።

«መንታው ነዋ!» አለች እጅጌ።

«ታዲያ ሙሽራው የትኛው ነበር?» አለ ካውያ። ቀድሞ ግሏል።

«ቆይ፣ መጨረሻው ያስታርቀዋል» አለና ቆራጩ ወደ እኔ ዞረ። «ቁልፉ የታል?»

«አልጻፍኩም።»

«እኔ እነግራችኋለሁ» አለች እታለም። «ክረምት ከበጋ መናኸሪያው በር ላይ...»

እዚህ ላይ ነው ትዕግስቴ ያለቀው። እታለም መብራት ሲጠፋም ሥራ አትፈታም፣ ኮሌታ በስፒል ታያይዛለች። ስፒሎቹን የምትይዘው በከንፈሯ ነው። አንድ ደንበኛ አንገቱን ከተወጋ ወዲህ ስፒል ጠረጴዛ ላይ መጣል ክልክል ነው፤ አንድ በአንድ ስፒል መሰኪያዋ ትንሽ ትራስ ላይ መሰካት አለበት። ይሄን ስታደርግ ስንት ዘመን አይቻታለሁ፣ ግን አስቤበት አላውቅም ነበር።

የስፒሉን ቆርቆሮና የኮሌታውን ክምር አነሣሁና ፊቷ ዘረገፍኩላት። «እታለም፣ እነዚህ ዛሬ ይፈለጋሉ ተብሏል» አልኳት። አልተባለም።

«አሁን ነው የሚባለው?» አለችና እያጉረመረመች ከንፈሯን በስፒል ሞላች። እስክትሞላው ጠበቅኩ። ከዚያ ተነሥቼ ቆምኩ።

«ሞተሩ ተነሣ» አልኩ። እታለም ዓይኗን አፈጠጠች። «እሱ በመስኮት ብቅ ብሎ ተሸካሚውን 'ማሽኑን አውርደው፣ እኔ ቤት ስፌት የለም' አለው። ቀድሞ ያላለኝን። ተሸካሚው ሲያወርደው እግሬ ላይ ጣለው። ሻንጣዬንም አውርደው አልኩት። ሰዓት ጠጋኙ የምቀልድ መስሎት እስከ መታጠፊያው ድረስ 'ነይ! ነይ!' እያለ ሄደ። አልሄድኩም። ያለቀስኩት የእግሬን አውራ ጣት አሞኝ ነው። ጥፍሩ ዛሬም አልተስተካከለም። አለቀ።»

«እም! እምም!» ትላለች እታለም፣ ስፒሉን እየነቀለች ትራሱ ላይ ትሰካለች። ማንም ከንፈሩን አልመጠጠም። የመጨረሻውን ሰክታ ስትጨርስ ፊቷ ቀልቷል።

«ተመልሶ ከመጣ ወዲህ ያን ሰውዬ በመንገድ ባገኘሁት ቁጥር ፊቴን ሳዞርበት የኖርኩት በከንቱ ነው?»

«ማን አዙሪ አለሽ?»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ!»

«መች አስጨረስሽኝ?»

ትራሱን አነሣችና የሰካቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ትንሽ አሳዘነችኝ።

«ቢሆንም» አለ ቆራጩ አገጩን እያሸ፣ «ጥሏት ቢሄድ ነበር ለልብ ወለድ የሚያምረው።»

«አንተ ጭጋግህን ጻፍ!» አልኩት።

ወረቀቱን ሳብኩና እዚያው ቆሜ ጻፍኩ። ፊደሌ ትልልቅ ነው፣ ወረቀት አይበቃኝም። አውቶቡሱ ሄደ፣ ሴትየዋ ማሽኗን በጋሪ አስጭና እያነከሰች ወደ ሥራዋ ተመለሰች ብዬ ጻፍኩ። የትኛው መንታ እንደነበረ እነሱ ይጨነቁበት።

እታለም በትከሻዬ በኩል አጎንብሳ አነበበች።

«ከዚያማ...» አለች።

የስፒሉን ቆርቆሮ ገፋ አደረግኩላት።