ሥጋ የማያውቀው ሰንጢ

ከቤት ስወጣ ሦስት ሰንጢ እይዛለሁ። በኮቴ የደረት ኪስ ጥቁሩ አለ፤ እርሱ የወረቀት ነው፤ ፖስታ እከፍትበታለሁ፣ እርሳስ እቀርጽበታለሁ። በኮቴ የውስጥ ኪስ ባለ ቀንድ እጀታው አለ፤ እርሱ የሥጋ ነው። በሱሪዬ የቀኝ ኪስ ቀዩ አለ፤ እርሱ የፍራፍሬ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱንም በየተራ በድንጋይ እስላለሁ፣ ማጠፊያቸው ላይ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት አንጠባጥባለሁ፣ በጨርቅ ወልውዬ ወደየቦታቸው እመልሳለሁ።

ይህን ሥርዓት የያዝኩት በስተርጅና ነው። በመምህርነት ዘመኔ ሰንጢ ባየሁበት የምገዛ ሰው ነበርኩ። ለፈተና ቁጥጥር ሸነን ስላክ አንድ፣ እጃጂ ስላክ ሌላ እየገዛሁ አሥራ አንድ ደርሰው ነበር፤ ባለ መቀሱ፣ ባለ መብራቱ፣ የጥርስ መጎርጎሪያ የተሰካበት ሳይቀር። ባለቤቴ እታገኝ መሳቢያውን በከፈተች ቁጥር፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጠዋት ጠዋት የምትወጣው ልታስተምር ነው ወይስ ልትሸፍት?» ትለኝ ነበር።

አሥራ አንዱን ወደ ሦስት ያወረዳቸው የሐጂ ሰዲቅ እምቢታ ነው።

ሐጂ ሰዲቅ ከስልጤ አገር መጥተው አምቦ ገበያ መውጫ ላይ ጨርቅ መሸጥ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። በ2006 ዓ.ም. ጡረታ በወጣሁ ሰሞን፣ ከሱቃቸው ደጅ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ብርቱካን ልጬ እኩሌታውን ብዘረጋላቸው፣ «ጥርሴን አሞኛል፣ መምህር» ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። በማግስቱም ጥርሳቸውን አመማቸው። በሦስተኛው ቀን ቅር ብሎኝ ቤት ገብቼ ብናገር እታገኝ ሳቀች።

«በምን ቆረጥክላቸው?»

«በሰንጢዬ ነዋ።»

«እሑድ ሥጋ በዘለዘልክበት?»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ሳስተምር የኖርኩ ሰው ይህን ሳላስብ መቅረቴ አሳፈረኝ። ሙስሊሙ የክርስቲያን ሥጋ፣ ክርስቲያኑም የሙስሊም ሥጋ እንደማይበላ ሁላችንም እያወቅን አድገናል። ሥጋው ያለፈበት ስለትም ያንኑ ያህል እንደሚያስጨንቅ፣ ጨዋ ሰውም ይህን በግልጽ ከመናገር ጥርሱን ማሳመም እንደሚመርጥ ግን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ሐጂን ይዤ ገበያ ወጣሁ። ሻጩ በሸራ ላይ ከዘረጋቸው መካከል ቀዩን መረጥኩ፤ ስለቱ ቀጭን፣ እጀታው በመዳፍ ውስጥ ልክ የሚሆን ነው። በፊታቸው ከፍቼ፣ «ይህ ሥጋ አያውቅም። በእኔ እጅ እስካለ ድረስም አያውቅም» አልኳቸው።

«ለአንድ ብርቱካን ይህ ሁሉ መሐላ!» ብለው ሳቁ። በዚያ ቀን ጥርሳቸው ዳነ።

ከዚያ በኋላ ለየሥራው አንድ አንድ አስቀርቼ ሌሎቹን ለጠየቀኝ ሁሉ ሰጠሁ። ዛሬም ገበያ ስወጣ አዲስ ሰንጢ ያምረኛል፤ አነሣለሁ፣ እከፍታለሁ፣ ስለቱን በአውራ ጣቴ እዳስሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ሻጮቹ ስለለመዱኝ አይቆጡም።

ስምንት ዓመት ሙሉ ከእሑድ በቀር በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ብርቱካኑን እርሳቸው ያመጣሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ። ክፍፍሉ የተዛባ እንደሆነ ሐጂ ድርሻቸውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ያዩና፣ «መምህር፣ ይህ ግማሽ ከሆነ ሒሳብ ያስተማሩዎትን ልክሰስ» ይላሉ። ዝናብ ሲጥል ወንበሩን ወደ ውስጥ እናስገባለን። መንገድ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ባጃጅ እንኳ በማይታይባቸው ቀናት የሱቁን በር ገርበብ አድርገው ይጠብቁኝ ነበር።

እታገኝ በኅዳር 2014 ዓ.ም. አረፈች። ልጅ አልነበረንም። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ጠዋት ተነሥቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አንድ ቃል ሳልተነፍስ የምውልበት ቀን በዛ። አንዳንድ ጊዜ ወንበሩ ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ቃሌ ሻክሮ ይወጣና ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ሐጂ እንዳልሰሙ ሆነው ብርቱካኑን ያቀብሉኛል።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገናኙ። ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ በሚውሉ ሰው ፊት ብርቱካን መላጥ ነውር ስለሆነብኝ፣ ቀዩን ከኪሴ አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት። ባለ ቀንዱም ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ሥራ ስላልነበረው እዚያው ከጎኑ ያለ መስሎኝ ነበር፤ እታገኝ ካረፈች ወዲህ የቅዳሜውን መሳል ትቼ ስለነበር አልፈተሽኩም።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ከሰፈሩ ቅርጫ የደረሰኝን መደብ ጎረቤቶች አመጡልኝ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ መስኮቱንም አልከፈትኩም። ሳላስበው ሁለት ሳህን አቅርቤ ኖሯል። ሁለተኛውን አንሥቼ ወደ ቦታው መለስኩ፣ ከመሳቢያው ሰንጢ አወጣሁ፣ ቆረጥኩ፣ ጥቂት ቀመስኩ፣ አጥቤ መለስኩት። የተረፈውን ሥጋ ለጎረቤት ሰጠሁ። ስለዚያ ጠዋት የማስታውሰው ሳህኖቹን ነው እንጂ እጄ ምን እንደያዘ አላየሁም።

ዒድ ካለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ ቀዩን ወደ ኪሴ መለስኩና እንደ ድሯችን ተቀመጥን። አሥር ቀን ብርቱካን ቆረጥኩ።

ግንቦት 9 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ላውንደሪ ያላት ዶርቃስ ኮቴን በእጇ አንጠልጥላ ደጄ ድረስ መጣች።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ በድሉ? ተቀየሙኝ አይደል? ማሽኑ ተቃጥሎ፣ መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ሊሞላ!»

«ምንም አይደለም።»

«ደግሞ ይህን ከውስጥ ኪሱ አገኘሁት» ብላ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አቀበለችኝ። «ውኃ አላስነካሁትም። ባለቤቴ አይቶት ጎመጀ፤ ‹የኦቦ በድሉን ሰንጢ ነክተህ እጅህን ዘርጋ ልትባል ነው?› ብዬ አስፈራራሁት። ተማሪዎ ነበር እኮ!»

ፌስታሉን ፈታሁ። ባለ ቀንዱ ነበር።

«ኮቱን መቼ ነበር የሰጠሁሽ?»

«ሐሙስ ነዋ! ‹ነገ ስቅለት ነው፣ ለፋሲካ አድርሺልኝ› ብለው ያጣደፉኝ። እኔም አደርሳለሁ ብዬ ዋሸሁዎ።»

ከሄደች በኋላ ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርኩ። ባለ ቀንዱ ከስቅለት ዋዜማ ጀምሮ እርሷ ዘንድ ከነበረ፣ የፋሲካውን ሥጋ በምን ቆረጥኩት? ጥቁሩ በሌላው ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። በመሳቢያው የነበረው ቀዩ ብቻ ነው።

በዚያን ቀን ወደ ሱቁ አልሄድኩም። ረቡዕም አልሄድኩም። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ስልኬ ጠራ።

«መምህር፣ ብርቱካኑ ሊደርቅ ነው። ደኅና ነዎት?»

«ጥርሴን አሞኛል፣ ሐጂ።»

በስልኩ ውስጥ ሲስቁ ሰማሁ። «ያ የእኔ በሽታ ነበር! ወደ እርስዎ ተሻገረ? በሉ አላህ ይማርዎ፣ ነገ ይምጡ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያ ሳቅ ቤቱ ውስጥ የቀረ መሰለኝ። ብናገር ያን ወንበር እንደማጣ አሰብኩ። ያን ወንበር ካጣሁ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ የምናገረው ሰው አይኖረኝም። ደግሞስ ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? ሐጂም አያውቁም። ቀዩን በፈላ ውኃ ቀቀልኩት፣ በአመድ ፈተግኩት፣ በሎሚ አሸሁት፣ እንደገና ቀቀልኩት። አንድ ተማሪ እንዲህ ያለውን ክርክር ቢያቀርብልኝ ኖሮ ከክፍል አስወጣው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሄጄ ብርቱካኑን ቆረጥኩ።

«የታመመ ጥርስ ሁሉ እንዲህ እኩል የሚያስቆርጥ ከሆነ በየሳምንቱ ይታመሙልኝ» አሉ ሐጂ ድርሻቸውን እያዩ፤ በሉም። የእኔን ድርሻ በመሐረብ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት እስኪመለሱ ጠብቄ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ አልተቀመጥኩም፤ ተማሪዎች በፊቴ ይቆሙ እንደነበረው ቆምኩ።

«ሐጂ፣ የምነግርዎ አለኝ።»

«ጥርስዎ ነው?»

«ሰንጢው ነው።»

ሁሉንም በቅደም ተከተሉ ነገርኳቸው፤ ኮቱን፣ መሳቢያውን፣ የፋሲካውን ጠዋት፣ አሥሩን ቀን። ስለ ሁለቱ ሳህኖች አልተናገርኩም። ሐጂ እየጠቀለሉት የነበረውን ጨርቅ ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ማክሰኞ ጠዋት።»

አንድ ሚኒባስ «ጉደር! ጉደር!» እየተባለ አለፈ።

«ከማክሰኞ በፊት ያለው ሳያውቁ የሆነ ነው» አሉ። «ውኃ ነክቶታል፣ አላህም ልብን ያያል። በእርሱ አላዝንም። ሐሙስስ?»

«ቀቅዬው ነበር። በአመድም …»

«ቀቅለውት እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ መምህር።» ድምፃቸውን አላነሡም። «ይኸው ማንቆርቆሪያዬ። ቢነግሩኝ እዚሁ ውኃ አፍስሼበት፣ ቢስሚላህ ብዬ አብረን እንበላ ነበር። አሥር ጊዜ ሁለታችንም ሳናውቅ በላን። ትናንት ግን እርስዎ እያወቁ እኔ ሳላውቅ በላሁ።»

ብቻዬን እንዳልቀር ፈርቼ ነው ማለት ነበረብኝ። ይህን ለማለት አፌን ከፈትኩ። ያልኩት ግን «ልክ ነዎት» የሚል ብቻ ነበር፤ ወገቤን አቅንቼ፣ ስብሰባ ላይ እንደሚባለው። ሁለት ሴቶች የመጋረጃ ጨርቅ ሊያዩ ገቡና ሐጂ ተነሥተው ሜትራቸውን አነሡ። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ ከወራት በኋላ ሦስቱንም ስዬ ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ ቤት ውስጥ ተንጎራደድኩ። ከዚያም ወጣሁ። ሐጂ አይተውኝ፣ «ረፍዶብዎታል፤ ይቀመጡ» አሉ። ተቀመጥኩ። ወደ ውስጥ ገብተው ክዳን ያለው ሳህን ይዘው ወጡ። ብርቱካኑ ተልጦ፣ ተቆርጦ፣ ተደርድሮ ነበር።

«ሹኩሪያ ናት ከቤት የላከችልን» አሉ፤ ሹኩሪያ ልጃቸው ናት። «ይብሉ።»

በላሁ። ቆረጣው እኩል ነበር፤ የሚያሾፉበት አላገኙም። ሰኞም ሳህኑ መጣ፤ ማክሰኞም። ስለ ሰንጢው ዳግመኛ አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ መንገዱ እናወራለን። አሁንም በሩን ገርበብ አድርገው ይጠብቁኛል። ነገር ግን ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ የሚቀርብልኝን እየጠበቅሁ ነው የምቀመጠው፤ እንግዳ ቤት እንደሄደ ሰው።

ቀዩን መያዝ አልተውኩም። ቅዳሜ ጠዋት ድንጋዩ ላይ ሳኖረው የሚሳል ነገር የለውም፤ ካለፈው ሳምንት እንደተሳለ ነው። ቢሆንም አንድ ሁለት ጊዜ እገፋዋለሁ፣ ዘይቱን አንጠባጥባለሁ፣ ወደ ሱሪዬ ኪስ እመልሰዋለሁ።

በሰኔ መጨረሻ አንድ ቀን፣ ዝናቡ ከነወንበሩ ወደ ውስጥ አስገብቶን ሳለ፣ ሐጂ ከመርካቶ በመጣ ጥቅል ላይ ጎንበስ ብለው ከሲባጎው ጋር ይታገሉ ነበር። በጥርሳቸው ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው። ቀና ሳይሉ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«መምህር፣ እስቲ ቀዩን።»

ከኪሴ አውጥቼ፣ ከፍቼ፣ እጀታውን ወደ እርሳቸው አዙሬ ሰጠኋቸው። ሲባጎውን በአንድ ጊዜ በጠሱት። ስለቱን አጠፉና፣ «ስልነቱ!» ብለው መለሱልኝ። ቀጥሎም ሳህኑን ከመደርደሪያው አውርደው ክዳኑን አነሡ። ብርቱካኑ እንደ ወትሮው ተቆርጦ ነበር። ድርሻዬን አነሣሁና ዝናቡን እያየሁ በላሁ።