የትልቁ ዲስክ ገመድ

የመጫኛው ፕሮግራም ሦስተኛ ጥያቄ ላይ ሳያመነታ "ቀጥል" የሚለውን ተጫነ። መሞከሪያው ዲስክ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ከማሽኑ ውስጥ የሚያቃስት ነገር ሲሰማ የትኛው ዲስክ እንደሆነ ለማወቅ ክዳኑን መክፈት አላስፈለገውም። ጎንበስ ብሎ መሰኪያውን ከግድግዳው ነቀለ።

ስክሪኑ ጠፋ። ማቃሰቱም ቆመ።

ሰውየው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ክፍሉን ከታላቅ እህቱ ጋር ይጋራል፤ በመስኮቱ በኩል የእሷ የስፌት መኪና አለ፣ በግድግዳው በኩል የእሱ ጠረጴዛ። ሰው የጣላቸውን አሮጌ ማሽኖች አንስቶ ሊኑክስ የሚባለውን፣ በነፃ የሚገኘውን የኮምፒውተር ሥርዓት ይጭንባቸዋል፤ ከሊኑክስም ቀለል ያለውን፣ ደካማ ማሽን የሚችለውን። ያንን የሚሠሩት ሰዎች በየአገሩ ተበታትነው ይኖራሉ፤ ደመወዝ የላቸውም። አዲስ መጫኛ ባዘጋጁ ቁጥር ለሕዝብ ከመልቀቃቸው በፊት ለእሱ ይልኩለታል። እንከን ስለማያመልጠው ስሙን ቆቅ ብለውታል።

የአሞካከር ዘዴው አንድ ነው። የሚያውቀውን ሁሉ ትቶ ምንም እንደማያውቅ ሰው ይሆናል። አያነብም። መጫኛው የመረጠለትን ተቀብሎ "ቀጥል"፣ "ቀጥል" እያለ ይሄዳል፤ ሰው እንዲህ ነዋ የሚጭነው። ይህን ከመጀመሩ በፊት ግን የትልቁን ዲስክ ገመድ ይነቅላል። ትልቁ ዲስክ ላይ ያለው የእህቱ ሥራ፣ የደንበኞቿ ልክ ነው።

ዛሬ ጠዋትም ነቅሎ ነበር። ደብተሩ ላይ "ገመድ ተነቅሏል" ብሎ ጽፎ ምልክት አድርጎበታል። ከዚያ እህቱ የአናጺውን ልጅ የወገብ ልክ ጠየቀችው። ገመዱን ሰክቶ አየላት፤ ሃምሳ ስምንት ነው አላት። እሷ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ወጣች። እሱም ወደ ሥራው ሲመለስ ደብተሩን አየ። ምልክቱ አለ።

ትልቁን ዲስክ አውጥቶ በሌላ ማሽን፣ ምንም እንዳይጻፍበት አድርጎ ከፈተው። የእህቱ ማህደር የለም። የጠፋ የሚፈልግ ፕሮግራም አስነሳ። ያመጣለት ስብርባሪ ነበር፤ ያለ ቁጥር የቀረ ስም፣ ያለ ስም የቀረ ቁጥር።

መጫኛውንም በሁለት ባዶ ዲስኮች ደገመው። መጫኛው ራሱ ትልቁን ዲስክ መርጦ ቆየው፤ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የድሮው መጫኛ ግን ምንም ሳይመርጥ የሚጭነው ሰው እስኪመርጥ ይጠብቅ ነበር። ይህን ሲያይ ሌላም ነገር ገባው። ገመዱን ነቅሎ ቢሆን ኖሮ ይህን እንከን አያገኘውም ነበር። ሌላው ሰው ግን ገመድ አይነቅልም።

ስልኩ ጮኸ። ከሠሪዎቹ አንዱ ነው፤ ሁልጊዜ የሚጣደፈው።

"ጋሼ ቆቅ፣ የቀሩን እርስዎ ብቻ ነዎት። ካሳለፉት ዛሬ አመሻሽ ላይ እንለቀዋለን።"

እያየሁት ነው አለው። የተበላሸ ነገር እንዳለ ሠሪው ሲጠይቀው፣ ጽፌ እልክልሃለሁ ብሎ ዘጋው።

እህቱ ክር ገዝታ ገባች። ሰማያዊው ጨርቅ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቶ ጠብቋታል። የሃምሳ ሁለት ተማሪዎች የደንብ ልብስ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት መድረስ አለበት፣ የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነው። ካልደረሰ ሥራው በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ሰፊ እንደሚሰጥ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነግራታለች።

"በል ልኩን አንብብልኝ፤ ከትንንሾቹ እጀምራለሁ።"

"እትዬ፣ ተቀመጪ።"

"ተቀምጦ የሚቆርጥ ሰፊ የት አየህ?"

"ልኩ የለም። ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

መቀሷን ጨርቁ ላይ አስቀመጠች። ለሰው ሁሉ ሁለት ቦታ አስቀምጡ እያለ የሚመክር እሱ አይደለም ወይ ብላ ቅጂውን ጠየቀችው። ያለው የዓምናው ነው አላት።

"ልጅ ግድግዳ ነው እንዴ? ያድጋል እኮ።"

ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ከትምህርት ቤቱ የመጣው የስም ዝርዝር ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፤ ልጆቹ ግን ለእረፍት በየቤታቸው ተበትነዋል።

"ደብተሬን ያስጣልከኝ አንተ ነህ" አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። "ይረጥባል፣ አይጥ ይበላዋል አልከኝ። ይኸው አይጡ አንተው ሆንክ።" ከዚያ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። "የራስህን ደብተር ግን አልጣልከውም።"

 ለምን እንዳልጣለው አስቦበት አያውቅም።

ወንበሩን ስቦ ለሠሪዎቹ ሪፖርቱን መጻፍ ጀመረ። እህቱ ከኋላው ቆማ ታነባለች። "አንድ ሰው ሁለት ዲስክ ባለው ማሽን ላይ ሲጭን" ብሎ ጻፈ።

"ይሄ አንድ ሰው ማነው?"

"እንዲያው ሰው ነው።"

"አውቀዋለሁ?"

"እትዬ፣ እንዲህ ብጽፈውም ይታረማል። ዋናው እሱ ነው።"

"እነሱ ቆቅ የሚሉህ ተኝተህ ስላላዩህ ነው" አለችና ጨርቁን ማጠፍ ጀመረች።

 ሠሪዎቹን በአካል አግኝቷቸው አያውቅም። ከስሙ በቀር የሚያውቁት የለም። ደብተሩን ቢጠይቁትም ይመሰክርለታል፤ ገመድ ተነቅሏል ይላል።

እስክሪብቶ አነሳ። ምልክቱን ሰርዞ ከጎኑ "መልሼ ሰካሁት። ረሳሁ" ብሎ ጻፈ። ከዚያ በማሽኑ ላይ የጀመረውን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጻፈ፦ "ትልቁን ዲስክ ራሱ ይመርጣል። እኔ ገመዱን መንቀል ረስቼ፣ ሳላነብ አለፍኩት። የእህቴ ሥራ ጠፋ። አትልቀቁት።"

መልሱ ሻይ እስኪቀዳ እንኳ አልቆየም። ማዘናቸውን፣ መልቀቁን ማቆማቸውን ጻፉለት። የሚጣደፈው ከሥር ጨመረበት፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ የታረመውን ብልክ ጋሼ ቆቅ ይሞክሩልኛል ወይ ይላል። በሃያ ዓመት ውስጥ አልችልም ብሏቸው አያውቅም።

"ሌላ ሰው ፈልግ፤ ሃምሳ ሁለት ልጅ መለካት አለብኝ" ብሎ መለሰና ማሽኑን አጠፋ።

እህቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ የስም ዝርዝሩን ከግድግዳው ነቅላ በሩ ጋ ደርሳለች።

"ወዴት ነው?" አለችው ሲነሳ።

"ካንቺ ጋር።"

"መለካት ታውቃለህ?"

"አላውቅም። አንቺ ትለኪያለሽ፣ እኔ እጽፋለሁ።"

"ምን ላይ?"

ደብተሩን አንስቶ ገለበጠው። ከጀርባው በኩል የመጀመሪያውን ነጭ ገጽ ገልጦ፣ እንደቆመ "የአናጺው ልጅ፣ ወገብ ሃምሳ ስምንት" ብሎ ጻፈ። አሳያት።

"ሃምሳ አንድ ቀረን" አላትና በሩን ቆለፈ።