መጋረጃው የተሰቀለበት ዘንግ

ማህደር የውሃ ጠርሙሶቹን ታቅፋ ወደ ጋራዡ ስትገባ ዓይኗ መጋረጃው ላይ አረፈና እዚያው ቀረ።

ነጩ መጋረጃ የተሰቀለው ቅዳሜ፣ ከቀብር መልስ፣ የአባቷን የአቶ ክፍሉን የሥራ ጠረጴዛ ከለቀስተኛ ዓይን እንዲሸፍን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በሥሩ ስትመላለስ ቀና ብላ አላየችውም ነበር። ዛሬ፣ በሠልስቱ፣ አየችው። የተሰቀለበት ነገር ጥቁር ነው፤ በአንድ በኩል እንደ አውራ ጣት ወፍሮ ወደ ሌላው በኩል እንደ እርሳስ ጫፍ እየቀጠነ ይሄዳል። የመጋረጃው ክብደት ወገቡን አጉብጦታል።

«ጋሽ ዩኑስ፣» አለች፤ «ይሄን ማን ነው የሰቀለው?»

ሁለት ቤት አልፎ የሚኖረው ዩኑስ ካርታውን ደፍቶ ብድግ አለ። «እኔ ነኝ እናቴ። ምነው፣ ሊወድቅ ነው?»

«የአባዬ ብላንክ ነው።»

«የአባዬ ምን?»

«የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ። ገና ያልተሠራ።»

ዩኑስ ወደ ላይ አንጋጦ ቀረ። «ያ አላህ! እኔ የመጋረጃ ብረት መስሎኝ! እጀታ የለው፣ ቀለበት የለው፣ ክር የለው… ሁለት ነበሩ እኮ። መጀመሪያ አጭሩን ሞከርኩት፣ አልደረሰም፣ ስንዝር ቀረው። ሶ ረጅሙን አደረግሁት።»

«ክፍሉ ይሄን ቢያይ እስከ ኤርፖርት ያሯሩጥህ ነበር፣» አለ አሻግሬ ከካርታ ተጫዋቾቹ መሐል። ሰዎቹ ሳቁ። ወዲያው በመሳቃቸው አፈሩ። ደግነቱ በጣሪያው ላይ አውሮፕላን አለፈ፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለችው የአሜሪካ ከተማ በዩለስ እንደተለመደው ሁሉም ድምፁ እስኪርቅ ዝም አለ፤ እፍረቱም አብሮ አለፈ።

ዩኑስ ወንበር ስቦ ሊያወርደው ሲል እናቷ ሰብለወርቅ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ብቅ አለች። ድምፅዋ ከሳምንት ለቅሶ በኋላ ሰልሏል።

«ተወው ዩኑስ። ቄሱ እየመጡ ነው። ሰው ተቀምጦ ቤት አይፈርስም።»

«እማዬ፣ ጎብጦ ይቀራል እኮ።»

«አባትሽ እንኳ ቀርቷል፤ ዱላው ቢቀር ምን አለበት?»

ማህደር ጠርሙሶቹን አስቀምጣ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች።

ጠረጴዛው እንደነበረ ነው። የሙጫ ጠርሙስ፣ ባለ ቀለም ክር የተጠመጠመባቸው ትናንሽ መዘውሮች፣ በጥርስ እየተቦጨቀ ያለቀ የወረቀት ፕላስተር። አጭሩ ብላንክ ጥግ ላይ ቆሟል። ስልኳን አወጣች። አባቷ የላከላትን ፎቶ ከፍታ ስንት ጊዜ እንዳየችው አታውቅም፤ ሁለቱ ዘንጎች እዚሁ ወለል ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው፣ መሐላቸው የአባቷ የሥራ ጫማ ጫፍ ይታያል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «የትኛው ይሻላል ማሂዬ? እሑድ ነይና በእጅሽ ያዢያቸው።»

መልእክቱ የመጣው ሐሙስ ከሰዓት፣ ኧርቪንግ ከተማ በምትሠራበት ሆቴል እንግዳ ፊቷ ቆሞ ቁልፍ ሲጠብቃት ነው። ቀና ያለች አንዲት የአውራ ጣት ምስል ነካ አድርጋ ላከችለት። «የትኛው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው አውራ ጣት። እሑድ አልሄደችም። ሰኞ ጠዋት፣ ኤርፖርት፣ ሻንጣ ከሚጭንበት መኪና ሥር፣ ክፍሉ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፤ በዚያው አልተነሳም።

አሻግሬ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ገባ። ከአባቷ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሻንጣ ጭኗል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ አብረው ሐይቅ ይወርዱ ነበር።

«አይዞሽ። ካርቦን ነው፣ ቶሎ አይሞትም፣» አለ ጉብጠቱን እያየ። ከዚያ በገዛ ቃሉ ደንግጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሽ አሻግሬ፣ አባዬ ለራሱ የትኛውን ሊሠራ ነበር?»

«ለራሱ?» አላት። «ለራሱ ሰባት ዘንግ አለው። ስምንተኛው ምን ሊያደርግለት? ያንቺ ነበር እንጂ።»

ማህደር ጠረጴዛውን ያዘች።

አንድ ቀን ብቻ ነው አብራው የሄደችው፤ ባለፈው ሚያዝያ፣ ግሬፕቫይን ሐይቅ። ውሃው ገና ጭጋጉን አልገለጠም። ክፍሉ ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ዓሣ ክሩ ላይ አሰረላትና ወረወረላት። ውሃው ላይ የምትንሳፈፍ ናት፤ የዘንጉን ጫፍ ወደ ታች ጠቅ ጠቅ ባደረጉት ቁጥር ራሷን ግራና ቀኝ እየነቀነቀች ትመጣለች። በእሱ እጅ እንደ ሰካራም ደንሳለች። በማህደር እጅ ግን የዘንጉ ጫፍ በየጊዜው ውሃውን በጥፊ ይመታል፣ ክሩ ይጠላለፋል። እንዲያም ሆኖ ባስ የሚሉት አንድ ዓሣ ከሥር ተወርውሮ ውሃውን አፈነዳው። ደንግጣ ሳበች። የእንጨቷ ዓሣ ከውሃው ዘልላ በአባቷ ጆሮ አጠገብ ፉጨት አሰምታ አለፈች። ክፍሉ እስኪያለቅስ ሳቀ።

«በዓይንሽ አትሳቢ ማሂዬ። ዓሣውን ስታይው ገና አፉን አልዘጋም። ሲከብድሽ ሳቢ።»

«አባ፣ እኔ እዚህ ነገር ላይ ምንም አልችልም፤ በቃ!» ብላ ዘንጉን መለሰችለት። የቀረውን ሰዓት መኪና ውስጥ ስልኳን ስትነካካ አሳለፈች።

«ያን ቀን ማታ ደወለልኝ፣» አለ አሻግሬ። «‹ልጄ ምንም ጥፋት የለባትም፤ ጥፋቱ የዘንጉ ነው› አለኝ። ‹በኔ ቁመት የተሠራ ዘንግ ሰጥቻት እንዴት ውሃ አይመታባት!› ይላል። ከዚያ ስድስት ወር ብላንክ ሲመርጥ! ይሄ ይከብዳታል፣ ያኛው ጫፉ ድርቅ ያለ ነው፣ ዓሣው አፉን እስኪዘጋ አይታገስላትም… ጆሮዬን አደነቆረው። በመጨረሻ እነዚህ ሁለቱ ቀሩ። ቁመትሽን ከወጥ ቤቱ በር ነው የለካው፤ ሃይስኩል እያለሽ በእርሳስ ካሰመረው ላይ። ‹ከዚያ ወዲህ አልጨመረችም› እያለ።»

ማህደር ልትስቅ ነበር።

«ያቺን አውራ ጣት ስትልኪለት ደግሞ፣» ቀጠለ አሻግሬ፤ «ስልኩን አምጥቶ ‹አሻግሬ፣ አንተ አሜሪካ ብዙ ቆይተሃል፤ ይቺ የትኛው ማለት ናት?› አለኝ። እኔ እንጃ፣ ቀና ስላለች ረጅሙ ይሆናል አልኩት። ‹አይ፣ እሑድ ስትመጣ ትነግረኛለች› አለ።»

«እሑድ…»

«እሑድ እኔም እዚሁ ነበርኩ። ጋራዡን ከፍቶ መኪና በተሰማ ቁጥር ቀና ይላል። በኋላ ‹ሥራ ይዟት ነው› ብሎ ዘጋው።»

«ሥራ አልነበረኝም፣» አለች ማህደር። ይህን ለማንም አልተናገረችም። «የሰው የሥራ ተራ፣ የሰው ሽፍት ነው የወሰድኩት። ማለቴ… ስለ ዘንግ ሁለት ሰዓት ከሚያወራኝ ብዬ።»

አሻግሬ መሬት መሬት አየ። አላጽናናትም።

«ታዲያ አሁን መልሺለታ፣» አለ።

ቄሱ መጡ፤ ጸሎቱ ተደረገ። ሰው ንፍሮውን ዘግኖ፣ ከቴርሞስ ቡና ቀድቶ፣ «ያጽናችሁ» እያለ ወደ ሳሎን ገባ። ከሰዓት በኋላው ፀሐይ በጋራዡ በር ገብታ ባዶ ወንበሮቹ ላይ ተኛች። ዩኑስ እንደ ጥፋተኛ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ እስትንፋሱን ውጦ፣ ዘንጉን ከመጋረጃው ጠርዝ ስቦ አወጣው። ዘንጉ አንዴ ተርገፈገፈና ቀጥ አለ።

«አየሽ! አየሽ ማሂዬ፣ አልጎበጠም!»

«አልጎበጠም ጋሽ ዩኑስ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ብቻዋን ስትቀር ረጅሙን አነሳች። እጀታ ሊሆን የሚገባውን ቦታ ወገቧ አጠገብ ያዘችና ጫፉን ወደ ታች ጠቅ አደረገችው። ጫፉ ሲሚንቶውን መታ። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና መታ። አስቀምጣው አጭሩን አነሳች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከወለሉ አንድ መዳፍ ከፍ ብሎ አየሩን ብቻ ቀዘፈ። በስንዝር ያልደረሰው ዘንግ ለእሷ ልክ ነበር።

አባቷ የሚያደርገውን አየት እያደረገች ነው ያደገችው። የዘንጉን ወፍራም ጫፍ ወለሉ ላይ ተከለች፣ ቀጭኑን በግራ መዳፏ ያዘች፣ ወገቡን በቀኝ እጇ ገፋችው። ዘንጉ ደጋን ሆነ። ከዚያ ማንም ሳያዞረው በመዳፏ ውስጥ ዞር አለና ጀርባውን ፈልጎ ረጋ፤ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች የሚታሰሩት በዚያ በኩል ነው። በዚያች ቅጽበት ከበዳት። ሳምንት ሙሉ ሰው ሲያቅፋት፣ ሣጥኑ ሲወርድ፣ አፈሩ ሲመለስ ያልመጣው ሁሉ በሁለት እጇ ላይ መጣ። ዘንጉን አልለቀቀችም። እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ ፕላስተሩን በጥርሷ ቦጨቀች።

ሰብለወርቅ ልጇን ፈልጋ በሩን ስትከፍት ማህደር ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ በእርሳስ ስትጽፍ አየቻት። «አጭሩ» የሚል አንድ ቃል ነው። ማህደር ፕላስተሩን ዘንጉ ላይ አደረገችው፣ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው፤ ከተጣበቀም በኋላ ጣቷን አላነሳችም።