የጉሎው ፋጉሎ

በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከገበያው በታች፣ ወንዙ ዳር፣ የወይዘሮ አመለወርቅ የዘይት መጭመቂያ ነበር። ጠላት ከአገር በወጣ ማግሥት ባላቸው ያቋቋሙት ነው፤ ባልየው ሲያርፉ ወይዘሮዋ ያዙት። ሁለት በሬዎች እየተፈራረቁ ግንዱን ያዞሩታል፣ ኑጉ ትልቁ ሙቀጫ ውስጥ ይደቅቃል፣ ዘይቱ በሥር በኩል ይወርዳል። የሠራተኞቹ አለቃ ላቀው የሚባል ዝምተኛ ጎልማሳ ነበር።

ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ደረቅ ዝቃጭ ፋጉሎ ይባላል። ድሮ ወንዝ ውስጥ ይጥሉት ነበር። ክረምት ጎርፉ ይወስደዋል፤ በጋ ግን እዚያው ተቀምጦ ይሸታል። አንድ ቀን የሰፈሩ ገበሬ የገብረ መድኅን ሚስት ደጊቱ እንስራዋን እንዳዘለች ግቢው ገባችና ወይዘሮዋ ፊት አስቀመጠችው።

«እሜቴ፣ ይህን ውሃ እስቲ እርስዎ ይቅመሱት» አለች።

አመለወርቅ ጎንበስ ብለው አዩ። ውሃው ላይ ቅባት ተንሳፍፏል። አልተቆጡም። ከዚያ ወዲህ ፋጉሎ ወንዝ እንዳይገባ ከለከሉ፤ ግቢው ጥግ ዳስ አስጥለው እዚያ እንዲከመር፣ ከብት ያለው ሁሉ እየመጣ በነፃ እንዲወስድ አደረጉ። የኑግ ፋጉሎ ከብት ያወፍራል። ጭድ ባለቀበት ወራት የሰፈሩ ገበሬ ቅርጫቱን ይዞ ይመጣል፣ መርቆ ይሄዳል። ወይዘሮዋም ምርቃቱን ወደውታል። ልጅ አልነበራቸውም።

አንድ ዓመት ሚያዝያ ላይ አንድ የቆዳ ነጋዴ ለቆዳ ማልፊያ የሚሆን የጉሎ ዘይት አዘዘ። ጉሎው ከስማዳ ቆላ በአህያ መጣ። ያመጣው ዋለ የሚባል ሰው ጭነቱን ሲያራግፍ ለላቀው፣ «ፋጉሎውን ከብት እንዳይቀምሰው። እኛ ዘንድ ፍየል ፈጅቷል» አለው።

ላቀው ሰምቷል። ጉሎው ተጨምቆ ሲያልቅ ፋጉሎውን ከዳሱ አርቆ ከቤቱ ጀርባ ከመረው፤ ሌጦ አለበሰው። ነገ ጉድጓድ ቆፍሬ እቀብረዋለሁ ብሎ ለማንም ሳይናገር አደረ። ሲነጋ መርዶ መጣ። አጎቱ ጋይንት ውስጥ፣ ቤተ ልሔም አርፈዋል። ኩታውን አዘቅዝቆ ለብሶ ወጣ።

እርሱ ለቅሶ ላይ ሳለ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ማሰናዳት ያዘ። ዳሱ ውስጥ ግን ፋጉሎ የለም፤ ተጠርጎ አልቋል። ገብረ መድኅን ቅርጫቱን ይዞ መጥቶ ባዶውን ዳስ አይቶ ሊመለስ ሲል አመለወርቅ ጠሩት።

«አያ ገብረ መድኅን፣ ባዶ እጅህን አትሂድ። ከጓሮ ያየሁት አለ፤ ላቀው ረስቶት ይሆናል።»

ሌጦውን ገልጠው በገዛ እጃቸው እየዛቁ ሞሉለት። «በሬዎቹን አጠንክርበት» አሉት። ለጎረቤታቸው ለተሾመችም ለአንዲት ላሟ ሰጧት። ምርቃታቸውን ተቀበሉ።

ላቀው በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ከጋይንት ገባ። እግሩን ሳይታጠብ ወደ ጓሮ ዞረ። ሌጦው ተጥሏል፤ መሬቱ ላይ የቀረው ፍርፋሪ ብቻ ነው። ወይዘሮዋ በረንዳው ላይ ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

«እሜቴ፣ ከጓሮ የነበረው የት ሄደ?»

«ሰጠሁት። ምነው፣ ለሌላ ፈልገኸው ነበር?»

ላቀው የቤቱን ምሰሶ ያዘ።

«ለማን ሰጡት?» አለ።

«ለገብረ መድኅን። ለተሾመችም። ምን ሆነሃል አንተ?»

«መርዝ ነው፣ እሜቴ። የጉሎ ነው።»

እንዝርቷ ከእጃቸው ወደቀች። መጫሚያቸውን እንኳ አላጠለቁም። ሴትዮዋ በሰው ፊት ሮጠው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ነጠላቸው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር ዞረው አላዩም።

ተሾመች ላሟን እያለበች ነበር። ላሚቱ ፋጉሎው ገና የቀረበላት ገበታ ውስጥ አፏን ልታስገባ ስትል ላቀው በእግሩ ገለበጠው። ተሾመች ወተቱን እንደያዘች ፈዝዛ ቀረች። ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም።

የገብረ መድኅን ደጅ ሲደርሱ ሰው ቆሟል። አመለወርቅ ሰዉን ገፍተው ገቡ። ቦራ የሚባለው በሬ ሞቷል፤ ሆዱ ተነፍቷል፣ ከኋላው ደም የቀላቀለ ፍሳሽ መሬቱን አርሶታል። ሁለተኛው በሬ፣ ወይኖ፣ ገና ነፍሱ አልወጣችም። ሊነሳ ይሞክራል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ እንደገና ይሞክራል። ገብረ መድኅን አንገቱን አቅፎ፣ «አይዞህ፣ አይዞህ» ይለዋል።

አንድ ሽማግሌ፣ «አባ ሰንጋ ነው፤ ሥጋውን ማንም እንዳይነካ» አሉ።

ላቀው ወደ ወይዘሮዋ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «በሽታ ነው ብለዋል፣ እሜቴ። እንሂድ» አለ በሹክሹክታ።

አመለወርቅ የሰሙት አይመስሉም። ዓይናቸው የወይኖን ጉልበት ብቻ ያያል። ወደ ገብረ መድኅን ቀረቡ።  

«በሽታ አይደለም» አሉት። «ትናንት የሰጠሁህ የጉሎ ነው። የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

ገብረ መድኅን የበሬውን አንገት አልለቀቀም። ቀና ብሎ አያቸው። 

«በእጅዎ እኮ ነው የሞሉልኝ» አለ። «መረቅሁዎ እኮ።»

ደጊቱ ጓዳ ገብታ የተረፈውን ፋጉሎ ከነቅርጫቱ አወጣች። ወይዘሮዋ እግር ሥር አስቀምጣው ተመለሰች።  ወይኖ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ላቀው ወደ ቤት ሲመለሱ በመንገድ ላይ፣ ጉሎውን ያመጣው ዋለ አስጠንቅቆት እንደነበር ተናገረ። አመለወርቅ ቆሙ። «አንድ ቃል፣ ላቀው» አሉ። «አንድ ቃል ብትነግረኝ።» ከዚያ በላይ አልወቀሱትም፤ ለእርሱ ግን በጅራፍ ቢገረፍ ይሻለው ነበር።

ሲነጋ የመጭመቂያውን ሁለት በሬዎች አስነድተው ወደ ገብረ መድኅን ደጅ ሄዱ። ሽማግሌ አልላኩም፣ አጥቢያ ዳኛ አልጠበቁም። ገብረ መድኅን ተቀበለ፤ አመስጋኝ ግን አልሆነም። በሬዎቹ መዞር እንጂ በቀጥታ መሄድ አያውቁም ነበር። ትልም ሲጀምሩ ጫፉ ሳይደርሱ ይታጠፋሉ። ላቀው ጭቃ ውስጥ ከፊታቸው እየሄደ፣ ቀንበሩን እየሳበ፣ ሰኔ እስኪገባ አለማመዳቸው። በዚያ ዓመት የገብረ መድኅን ማሳ ትልሙ ጠማማ ነበር፤ ጤፉ ግን በቀለ።

መጭመቂያው ክረምቱን ሙሉ ቆመ። የተረፈውን የጉሎ ፋጉሎ ላቀው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው፤ ድንጋይ ጫነበት። መስከረም ላይ በውሰት በሬ ኑግ መጨመቅ ሲጀመር አዲሱ ፋጉሎ ዳሱን ሞላ። የሚወስደው ግን ጠፋ። ሰው በመንገድ ሲያልፍ ዳሱን አይቶ ፊቱን ያዞራል። ሠራተኞቹ፣ «ወንዝ እንጣለው» ሲሉ ወይዘሮዋ እንቢ አሉ። ክምሩ ጣራውን ሊነካ ደረሰ።

ኅዳር ላይ ገብረ መድኅን ብቻውን መጣ። ቅርጫት ይዟል። ደጁ ላይ ቆሞ አልገባም።

«የኑግ ነው?» አለ።

አመለወርቅ ወደ ዳሱ ሄደው አንድ ቁራሽ አነሱ፣ ፊቱ ቆመው ነከሱት። እያኘኩ አንገታቸውን አቀረቀሩ። ገብረ መድኅን እስኪውጡት ድረስ ጠበቀ።

«ይብሉ አላልኩም» አለ በዝግታ። ከዚያ ቅርጫቱን አቀበላቸው።