የምትዋኘው ቮልስ

ባትላሜራው ስብሐት ጉለሌ፣ ከቁስቋም ግርጌ ባለው ግቢው ውስጥ አንዲት አሮጌ ቮልስ ቆራርጦ የምትዋኝ መኪና ሲሠራ ሦስት ዓመቱ ነው። እያየ የሚሠራው አንድ የደበዘዘ ፎቶ ብቻ ነው። በፎቶው ላይ አባቱ ሻምበል ዮፍታሔ በወታደርነት ዘመናቸው ሐይቅ ይሻገሩባት በነበረችው መኪና ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ።

ሽማግሌው በየቀኑ ከወንበራቸው ሆነው ያዩና፣ «ትመስላለች እንጂ ራሷ አይደለችም» ይላሉ። የስብሐት ልፋት ሁሉ ይህችን ቃል ለማስለወጥ ነበር።

ጉለሌ ሐይቅ የለም። ስለዚህ ዛሬ ውሃውን መኪናዋ ሆድ ውስጥ ሞላው፤ ካላስወጣች አታስገባምና። ከሥሯ ተንበርክኮ ጠበቀ። ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ።

«በቃ፣ አፈሰሰች አባባ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«የት ጋ?»

«በግራ፣ እግርዎ የሚያርፍበት ጋ።»

ሻምበል ልክ እንደ ፎቶው ሳቁ። «የኔ ግራ ካልሲ መቼ ደርቆ ያውቃል! እኔ ስነዳ፣ ምስኪን ጓዴ ዱጉማ አጠገቤ ሆኖ ክንዱ እስኪዝል በጣሳ ይጨልፍ ነበር።»

ስብሐት የብየዳ መሣሪያውን አነሣ።

«ተው፣ እንዳትነካት! ራሷ ናት» አሉት። «ውሃውን ድፋና ጣሳ ይዘህ ግባ። እኔ እነዳለሁ።»