የፍልሰታ ወንፈል

አባ ዓለምነው ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ብርነሽ ተጣልታቸው ይወጣላት ነበር። አንድ ካህን ሆነው አራት አብያተ ክርስቲያናት ያገለግላሉ፤ ጎንደር ከተማ ያለውን፣ ጠዳ ያለውን፣ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ያለውን፣ ከኮሶዬ አስፋልት ደግሞ በእግር ሽቅብ የሚወጣበትን የብርነሽን ፍልሰታ ማርያም። የካቶሊክ ምእመን በዚያ አገር እንደ ሐምሌ ፀሐይ ነው፤ አለ ቢሉት አለ፣ የለም ቢሉትም የሚከራከር አይገኝም።

አምና ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ በራሱ በቤተ ክርስቲያኑ የንግሥ ቀን፣ አባ ጭቃውን ታግለው ደርሰው ሲቀድሱ አግዳሚ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። ወጣቱ ከተማ ገብቷል፣ ሽማግሌው ሞቷል። የቀሩት ብርነሽ፣ ደወል መቺው አያ ዋሴና ጥቂት ጎረቤቶች ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከመጪው ዓመት ጀምሮ ፍልሰታን ጎንደር ላይ አንድ ሆነን ብናከብር ይሻላል» አሉ። «እናንተም ትወርዳላችሁ።»

ብርነሽ ክርስትና የተነሣችው፣ በተክሊል ያገባችው፣ ባሏን የቀበረችው እዚያች ቤት ነው። በንግሧ ቀን በሯ ተቆልፎ ሲውል ታያት።

«ምነው አባ? ቤቱ ከሞላስ?»

«ከሞላማ ማን ይዘጋዋል?»

«እንግዲያው አንድ ዓመት ይስጡኝ።»

አባ እምቢ ማለት የማይሆንላቸው ሰው ናቸውና ሰጧት። አያ ዋሴ ግን መንገድ ላይ ሳቀባት።

«ሰዉን ከየት ልታመጪው ነው? በዚህ ዕድሜሽ ልትወልጂው ነው?»

«በወንፈል አመጣዋለሁ።»

ወንፈል የአገሩ ሕግ ነው። ዛሬ ያንተን ማሳ አብሬህ አርማለሁ፣ ነገ የኔን ታርምልኛለህ። ወረቀት የለው፣ ዳኛ የለው፤ የቀረ ሰው ግን በመንደሩ ቀና ብሎ አይሄድም። ብርነሽ ይህንኑ ለቅዳሴ ልታደርገው ነው ያሰበችው። የየአጥቢያው ንግሥ ሲደርስ ሄዳ አብራ ታስቀድሳለች፤ የሷ ተራ ሲደርስ ደግሞ እነሱ ይመጡላታል።

«እሱ የሚገባው ለአራሽ ነው» አለ አያ ዋሴ። «የከተማ ሰው ምን ማሳ አለውና ወንፈል ያውቃል?»

ብርነሽ ነገር ከያዘች በሬ ጠምደው ቢጎትቷት የማትለቅ ሴት ናት፤ ባሏም በሕይወቱ ሳለ ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ለኅዳር ሚካኤል ዛሪማ ወረደች፤ አይሱዙ ላይ፣ ከድንች ጆንያ ጋር። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ዓይኗን ጨፍና ጸሎቷን ስትደግም፣ የቆላው ሙቀት ጋቢዋን አስወለቃት። አስቀድሳ ዝም ብላ አልተመለሰችም። ውሃ ቀዳች፣ ድስት አጠበች፣ ሽሮውን ቀምሳ ጨው አነሰው አለች። ሲሸኟት ከበሮ መቺውን ሽማግሌ፣ አያ ደመቀን፣ «ነሐሴ አሥራ ስድስት ወንፈሌን መልሱ» አለችው። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ለመጋቢት መድኃኔ ዓለም ጠዳ ሄደች። እዚያም እንደዚሁ አጠበች፣ እንደዚሁ ተናገረች፣ እንደዚሁ ተሳቀባት። ለግንቦት ልደታ ጎንደር ከተማ ገባች። በከተማው ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ አንድ ዓይነት ለብሰው፣ ማይክራፎን ይዘው ይዘምራሉ። ብርነሽ በአገሯ ዜማ ድምፅዋን ለቀቀችው፤ የፊቶቹ ዞረው አዩዋት፣ እሷም አየቻቸው። አጠገቧ የነበረችው ሄለን፣ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቀረብ አለቻት።

«እትዬ፣ በአገርዎ ቤተ ክርስቲያን የለም እንዴ?»

«አለ እንጂ ልጄ። ወንፈል ልገባ ነው የመጣሁ።»

ለሄለን ወንፈል ምን እንደሆነ ከሥር ከመሠረቱ ማስረዳት አስፈለገ። ከሰማች በኋላ «እሺ፣ እንመጣለን» አለች። የከተማ ሰው እሺታ ግን ትታወቃለች።

ክረምቱ ገባ። የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ ብርነሽ ከአስፋልቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጭቃው ላይ ገለባ ስታነጥፍ ሰነበተች። አያ ዋሴ ምርኩዙን ተደግፎ ቆሞ አያት።

«ለማን ነው የምታነጥፊው? ይልቅ ደውይላቸው። ማስታወስ ምን ነውር አለው?»

«ቀኑን ነግሬያቸዋለሁ። ቀን የተነገረው ወንፈለኛ አይለመንም።»

«ካልመጡስ?»

«ካልመጡማ ገለባው ለአባ ይሆናል፤ ሲሄዱ እንዳያዳልጣቸው።»

አያ ዋሴም መሳቁን ተወ፤ ሸክሙን ከጀርባዋ ተቀብሎ እስከ ማታ አብሯት አነጠፈ።

የንግሡ ዕለት ጉም መንደሩን ዋጠው። ዝናቡ ሲያካፋ አደረ፣ ሲያካፋም ነጋ። አባ ከዋዜማው መጥተው አድረው ነበርና ልብሰ ተክህኖ ለብሰው ተዘጋጁ። አያ ዋሴ እንደ ደወል ዛፉ ላይ የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ደበደበ። አግዳሚ ወንበሮቹ ግን እንደ አምናው ነበሩ። አያ ዋሴ ሳይታዘዝ ሁለተኛ ደወለ።

«እትዬ ብርነሽ» አሉ አባ በለሆሳስ፤ «እንጀምር ይሆን?»

ብርነሽ ፈራች። ዓመቱን ሙሉ ያልፈራችውን በዚያች ሰዓት ፈራች። የሳቁባት ሰዎች ፊት አንድ በአንድ መጣባት።

«አባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ በገለባው ላይ ቁልቁል ወረደች።

ጉሙ ውስጥ እጇን እንኳ ዘርግታ አታየውም ነበር። መንገዱ አጋማሽ ላይ ቆመች። አስቀድሞ የመጣው ድምፅ ነው፤ የከበሮ ድምፅ። ከዚያ ሳል፣ ከዚያ «ኧረ ቀስ» የሚል የሴት ሳቅ። ከዚያ አያ ደመቀ ከበሮውን በላስቲክ ሸፍኖ፣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከጉሙ ወጣ። ከኋላው የዛሪማ ሰዎች ነበሩ።

«ትናንት ደባርቅ ደርሰን አደርን» አለ። «ብርዳችሁ ግን እግዜር አይወደውም።»

ከነሱ ኋላ የጠዳዎቹ፣ ከጠዳዎቹ ኋላ ሄለንና መዘምራኑ ተከታተሉ። ሹፌራቸው ጉሙን ፈርቶ ሲንፏቀቅ ነው የቆዩት። ሄለን ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር።

«እትዬ፣ ወንፈል ዘግይቶ ከተገባ ይቆጠራል?»

ብርነሽ እያለቀሰች ጫማዋን ከእጇ ተቀበለቻት።

ደጃፉ ላይ በገንዳ ያጠራቀመችውን የዝናብ ውሃ እያፈሰሰች የእንግዶቹን እግር ከጭቃው አጠበች። እምቢ ቢሏትም አልሰማቻቸውም። የመጨረሻውን ሰው አስገብታ ቀና ስትል ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከልጅነቷ ጀምሮ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ እንኳ የጠዳ ሴቶች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አያ ደመቀ ከበሩ አጠገብ ብድግ አለ።

«ነይ እዚህ ተቀመጭ።»

«ቁጭ በል አያ ደመቀ። በወንፈል ቀን ባለማሳው ሲቀመጥ አይተህ ታውቃለህ?»

እናም ቅዳሴውን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ግማሽ ጀርባዋ እየረጠበ፣ ቆማ አስቀደሰች። የዛሪማ ከበሮ፣ የጎንደር መዘምራንና የአገሯ ዜማ ተደበላልቆ አንዱ ካንዱ አልገጠመም ነበር፤ እሷ ግን እንደዚያ ያለ ሸጋ ዜማ ሰምታ አታውቅም። በቁርባን ሰዓት ሕዝቡ መተላለፊያ ስላሳጣት አባ ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው እስከ ደጃፉ መጡላት።

መጨረሻ ላይ አባ ማስታወቂያ ብለው አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ። «ለከርሞ ፍልሰታ ተጨማሪ ወንበር እዚህ ያስፈልገናል።»

ጾሙ ተፈቶ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ አያ ደመቀ ከበሮውን እያነገተ ብርነሽን ጠራት።

«አንድ ሆነሽ መጣሽ፤ እኛ ቤታችንን ዘግተን መጣን። ታዲያ ይህ ወንፈል እኩል ነው?»

ብርነሽ ይህን አላሰበችውም ነበር። የመንደሯን ሰዎች ዞራ አየቻቸው፤ ሁሉም ወደ መሬት አቀረቀሩ። ቀና ያለው አያ ዋሴ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከኮሶዬ ወዲያ ሄዶ የማያውቀው አያ ዋሴ።

«ዛሪማ ቆላ ነው አሉ» አለ በመጨረሻ። «ለኅዳር ሚካኤል ጋቢዬን ልያዘው ወይስ ልተወው?»

«ተወው» አለችው ብርነሽ። «ድስት ስታጥብ ያስቸግርሃል።»